ጎአክሰስ፦ ሎግ ውስጥ የገባውን እንግዳ ለመለየት ምን ያህል ይረዳል?

የድረ ገጽ ሰርቨር ሎግ (ሰርቨሩ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) አብዛኛው መስመር ለባለቤቱ ግልጽ ነው፦ ገጽ ተጠየቀ፣ ምስል ተጠየቀ፣ የስታይል ፋይል ተጠየቀ። በመሀል ግን ማንም ሊንክ ያላደረገውን፣ ሰርቨሩ ላይ ኖሮ የማያውቅ ፋይል የሚጠይቅ መስመር ብቅ ይላል። ጠያቂውም «ክሮም ነኝ» ይላል። እውነት ክሮም ነው ወይስ ቀዳዳ የሚፈልግ ፕሮግራም? ጎአክሰስ የተባለውን የሎግ መተንተኛ እዚህ የምንመዝነው በዚህ አንድ ሥራ ነው። የግራፎቹ ውበት ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ጎአክሰስ የት መመልከት እንዳለብዎ ቶሎ ያሳያል፤ ማን እንደጠየቀ ግን አያረጋግጥም። በብሮውዘር ስም የሚመዘግበው ጠያቂው ስለ ራሱ የተናገረውን ነው፤ መታወቂያ አይጠይቅም። ይህን አውቆ ለሚጠቀምበት ሰው በነጻ ከሚገኙት ሁሉ ቀዳሚ ምርጫችን ነው። የሪፖርቱን ቁጥር ሁሉ እንደወረደ ለሚቀበል ግን ያሳስታል።

ፕሮግራሙን ጄራርዶ ኦሬያና በ2010 እ.ኤ.አ. አወጣው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ፣ በኤምአይቲ ፈቃድ የሚሰራጭ ኦፕን ሶርስ ነው። ዳታቤዝ አይፈልግም፣ ገጾችዎ ላይ የጃቫስክሪፕት ኮድ አያስገባም፤ ሎጉን ብቻ ያነባል። ተርሚናል ላይ በቀጥታ ይታያል፣ ከተፈለገም ኤችቲኤምኤል፣ ጄሰን ወይም ሲኤስቪ ፋይል ያወጣል። በኡቡንቱና በዴቢያን «አፕት ኢንስቶል ጎአክሰስ» ይበቃል። ሆኖም በስርጭቶቹ ማከማቻ ያለው ስሪት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ከታች የምናነሳቸው አንዳንድ አማራጮች በቆዩት ስሪቶች ውስጥ የሉም። ስለዚህ የፕሮጀክቱን የራሱን ማከማቻ አክሎ ከዚያ መጫን ይሻላል። (ትዕዛዞቹን በድምጻቸው በፊደላችን ጽፈናል፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።)

ለማስጀመር የሎጉን ፋይልና «--ሎግ-ፎርማት=ኮምባይንድ» የሚለውን መስጠት ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም መነሻ ቅርጹ ይኸው ነው፣ ሌላው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም አፓቺም በብዛት የሚጽፈው ይህንኑ ነው፦ አይፒ፣ ሰዓት፣ የጥያቄው መስመር፣ የምላሽ ኮድ፣ የባይት ብዛት፣ ሪፈረር (ጠያቂው የመጣበት ገጽ)፣ ዩዘር ኤጀንት (ጠያቂው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ)። አፓቺ በአንድ ሰርቨር ብዙ ሳይት ይዞ የሳይቱን ስም መስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ፎርማቱ «ቪኮምባይንድ» ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፤ ፎርማቱ ካልገጠመ መስመሮቹ አይነበቡም፣ ሪፖርቱም ወይ ባዶ ይሆናል ወይ ጎዶሎ። የታመቁ የቆዩ ሎጎችን ለመጨመር በ«ዚካት» ፈትቶ በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) ማስገባትና ፋይሉ ስም ቦታ ላይ ሰረዝ ማድረግ ነው።

የፎርማት ነገር ከተነሳ፣ ከላይ ባለው ማጠቃለያ ሳጥን ውስጥ «ፌይልድ ሪኩዌስትስ» የሚል ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ይህን 404 (ፋይሉ የለም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ተሳሳተ) የመለሱ ጥያቄዎች ብዛት አድርጎ ያነበዋል። አይደለም። ጎአክሰስ ራሱ ማንበብ ያቃተው መስመር ብዛት ነው። ቁጥሩ ከዜሮ ከፍ ካለ «--ኢንቫሊድ-ሪኩዌስትስ» በሚለው አማራጭ እነዚያን መስመሮች ወደ ሌላ ፋይል ያውጡና በዓይንዎ ይዩአቸው። እንግዳ ነገር መደበቅ ከወደደ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ለዚህ ሥራ ሁለት አማራጮችን ሳይጨምሩ ጎአክሰስን ማስነሳት ድካም ብቻ ነው። የመጀመሪያው «-ኤ» ነው፤ ከእያንዳንዱ አይፒ ስር ምን ምን ዩዘር ኤጀንት እንደመጣ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። አንድ አይፒ በአንድ ቀን አሥር የተለያየ ብሮውዘር ነኝ ካለ ወይ ብዙ ሰው የሚጋራው አድራሻ ነው ወይ ስሙን የሚለዋውጥ ቦት (ያለ ሰው በራሱ የሚጠይቅ ፕሮግራም) ነው። ትልቅ ሎግ ላይ ሥራውን ያዘገየዋል፣ ግን ያዋጣል። ሁለተኛው «--አንኖውንስ-ሎግ» ነው። ጎአክሰስ ሊመድበው ያልቻለውን ብሮውዘርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሁሉ እርስዎ በሰየሙት ፋይል ይጽፋል። ፕሮግራሙ ካሉት መሣሪያዎች ይህን የሚያህል ጠቃሚ፣ ይህን ያህልም የተረሳ የለም። ያንን ፋይል በየጊዜው የሚያይ ሰው አዲስ የመጣን ቦት ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ለይተው ሲያበቁ ስሙንና ምድቡን በታብ ለይተው በትንሽ ፋይል ይጻፉና በ«--ብሮውዘርስ-ፋይል» ይስጡት፤ በሚቀጥለው ሪፖርት ስም አግኝቶ ይመጣል።

የብሮውዘሮች ፓኔል (ብሮውዘሮቹ የተዘረዘሩበት የሪፖርቱ ክፍል) ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከክሮም 110 (2023 እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድሮይድ ላይ ያለ ክሮም ስልኩንና ስሪቱን አይናገርም፤ ሁሉም «አንድሮይድ 10፤ ኬ» ይላል። ዊንዶውስ 11 ራሱን ዊንዶውስ 10 አድርጎ ያቀርባል፤ ማክ ደግሞ የትኛውም ስሪት ቢሆን በ10.15.7 ላይ ቆሟል። ስለዚህ ሪፖርቱ «አንድሮይድ 10 አብላጫውን ይዟል» ሲል ጎብኚዎችዎ አሮጌ ስልክ ይዘዋል ማለት አይደለም። የባሰው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ጎአክሰስ ልዩ ጎብኚ ብሎ የሚቆጥረው አንድ ዓይነት አይፒ፣ ዩዘር ኤጀንትና ቀን ያለውን ነው። በሞባይል ዳታ ብዙ ሰው ከአንድ የጋራ አይፒ ጀርባ ስለሚወጣ፣ ዩዘር ኤጀንታቸውም አንድ ስለሆነ፣ መቶ አንባቢ እንደ አንድ ሊቆጠር ይችላል። እንዲህ ያለውን አይፒ «በጣም ብዙ ይጠይቃል» ብሎ መዝጋት መቶውንም መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቦታ፣ ወደ 404 ፓኔል። እንግዳ የሚባሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚህ ይሰበሰባሉ፤ ግማሾቹም ምንም ጉዳት የሌላቸው የእውነተኛ ብሮውዘሮች ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ሳይጠይቅ ብሮውዘሩ ከራሱ የሚጠይቃቸው አሉ። «ፋቪኮን» የታወቀ ነው። «አፕል-ተች-አይኮን» እና «አፕል-ተች-አይኮን-ፕሪኮምፖዝድ» የሚሉት ከአይፎንና ከአይፓድ የሚመጡ ናቸው፤ ሰውየው ገጹን መነሻ ስክሪኑ ላይ ሲያስቀምጥ ወይም ሊንኩን በአይሜሴጅ ሲልክ ሥዕል ፍለጋ ይወጣሉ። 180 በ180 የሆነ የፒኤንጂ ምስል በሁለቱም ስሞች ዋናው ማውጫ ላይ ቢያስቀምጡ ከ404 ፓኔሉ ይወጣሉ። «ብሮውዘርኮንፊግ.ኤክስኤምኤል» የዊንዶውስ 8.1 ዘመን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቅሪት ነው።

«/.ዌል-ኖውን/» በሚል ማውጫ ስር የሚመጡት ደግሞ ራሱን የቻለ ወገን ናቸው። ማውጫው በስታንዳርድ የተደነገገ ነው፤ ፕሮግራሞች ስለ አንድ ሳይት መረጃ ሲፈልጉ የት እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ። «አክሚ-ቻሌንጅ» የሚለው ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ሲያድስ የሚመጣ ነው፤ እሱን የዘጋ ሰው ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያልፍበታል። «አሴትሊንክስ.ጄሰን» የአንድሮይድ፣ «አፕል-አፕ-ሳይት-አሶሲዬሽን» የአፕል ነው፤ ሁለቱም ሳይቱ የራሱ አፕ እንዳለው ለማጣራት ይመጣሉ። አፕ ከሌለዎ 404 ትክክለኛ መልስ ነው። «ትራፊክ-አድቫይስ» የሚለውን የሚጠይቀው የክሮም የቅድመ ጭነት ፕሮክሲ (አማላጅ ሰርቨር) ነው፤ ጎግል ላይ የሚፈልግ ሰው ሊንክዎን ሳይነካ ገጹን አስቀድሞ ለማምጣት ይፈቀድለት እንደሆነ ያጣራል። «ኮም.ክሮም.ዴቭቱልስ.ጄሰን» በሚል የሚያልቅ ጥያቄ የራስዎ የልማት ሰርቨር ሎግ ላይ ካዩ ጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ የክሮምን የገንቢዎች መሣሪያ ሲከፍቱ የሚላክ ነው።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን ይህ ነው፦ «/.ዌል-ኖውን/ሪሶርስ-ዛት-ሹድ-ኖት-ኤግዚስት-ሁዝ-ስታተስ-ኮድ-ሹድ-ኖት-ቢ-200»። መኖር የሌለበትና 200 (ማለትም «አለ») መመለስ የሌለበት ፋይል ማለት ነው። ጥቃት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሐቁ ግን የይለፍ ቃል አስተዳዳሪ ሐቀኝነትዎን እየፈተነ ነው። ብሮውዘሩ ተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ወደ መቀየሪያው ገጽ ሊወስደው ሲፈልግ «/.ዌል-ኖውን/ቼንጅ-ፓስወርድ» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎን ለጎን ደግሞ ፈጽሞ ሊኖር የማይችለውን ፋይል ይጠይቃል። ለዚህም 200 ከመለሱ «ይህ ሰርቨር ለሁሉም አለ የሚል ነው» ብሎ የመጀመሪያውንም መልስ ይተወዋል። አንድ ገጽ ብቻ ሆነው የሚሠሩ የጃቫስክሪፕት አፖች ለማንኛውም አድራሻ ዋናውን ገጽ በ200 ስለሚመልሱ የሚወድቁት እዚህ ነው። መፍትሔው በዌል-ኖውን ስር ላልታወቀ ሁሉ 404 መመለስ፣ ቼንጅ-ፓስወርድን ደግሞ በ302 ወደ ትክክለኛው ገጽ ማዞር ነው። ጎአክሰስ ይህን ሁሉ አይነግርዎትም፤ መስመሩን ከነብዛቱ አቅርቦ ይተውዎታል።

የፊደል ቅርጽ የሌላቸው ጥያቄዎችም አሉ። መስመሩ «\ኤክስ16\ኤክስ03\ኤክስ01» ብሎ ጀምሮ ምላሹ 400 (ጥያቄው አልገባኝም) ከሆነ፣ አንድ ሰው ኤችቲቲፒኤስ ንግግር ምስጠራ በሌለው ፖርት ላይ ጀምሯል ማለት ነው። 16 የቲኤልኤስ (የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ) እጅ መጨባበጥ መለያ ባይት ነው፤ 03 እና 01 ስሪቱን ይናገራሉ። ብዙውን ጊዜ የፖርት ስካነር ነው፤ በየደቂቃው ከአንድ አድራሻ የሚደጋገም ከሆነ ግን የራስዎ ሎድ ባላንሰር ወይም የጤና ምርመራ ፖርቱን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን ያጣሩ። ከባይቶቹ መሀል «ኩኪ፦ ኤምኤስቲኤስሃሽ» የሚል ካነበቡ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚፈልግ ስካነር ነው፤ ዌብ ሰርቨር ላይ መምጣቱ ስህተቱ የእሱ ነው። አፓቺ ላይ የጥያቄው ቦታ ሰረዝ ብቻ ሆኖ 408 (መጠበቂያው ጊዜ አለፈ) ካለ ብሮውዘር ለፍጥነት ሲል ግንኙነት አስቀድሞ ከፍቶ ምንም ሳይጠይቅ የተወው ሊሆን ይችላል። ከ127.0.0.1 ወይም ከ«::1» የሚመጣ «ኦፕሽንስ» ጥያቄ «ኢንተርናል ደሚ ኮኔክሽን» የሚል ስም ከያዘ አፓቺ የራሱን ልጅ ፕሮሰሶች እየቀሰቀሰ ነው። ኤንጂንኤክስ ላይ 499 ካዩ ደግሞ ጎብኚው ምላሹን ሳይጠብቅ ሄዷል፤ ቀርፋፋ ኔትወርክ ላይ የተለመደ ነው።

ውሸታሞቹን ለመያዝ የ«-ኤ» ዝርዝር ዋጋውን የሚያሳየው እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ «ሞዚላ» ማለት ሲገባው «ሞዝሊላ»፣ «ቢልድ» ማለት ሲገባው «ቡሊድ» ብሎ የሚጽፍ፣ አንድሮይድ 7 የሆነ ሳምሰንግ ስልክ ነኝ የሚል በሰፊው የሚታይ ዩዘር ኤጀንት አለ። ሁለት ፊደል የተገለበጠበት ስልክ በዓለም ላይ የለም፤ በእጅ የተጻፈ የስካነር ስክሪፕት ነው። ጎአክሰስ ግን ቀሪውን ጽሑፍ አይቶ የክሮም ጎብኚ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ዩዘር ኤጀንቱ በዶላር ምልክትና በጥምዝ ቅንፍ ተከፍቶ «ጄኤንዲአይ» የሚል ካለበት በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሎግፎርጄ (የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ መጻፊያ) ክፍተት (ሲቪኢ-2021-44228) ሙከራ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ጃቫ ባይሆንም አይተኙ፤ ሎጉን የሚቀበለው ሌላ ፕሮግራም በጃቫ የተሠራና ያልታደሰ ከሆነ ጉዳቱ እዚያ ነው የሚደርሰው። «ኢቫል-ስትዲን.ፒኤችፒ» የሚለው ደግሞ የፒኤችፒዩኒት (የፒኤችፒ ኮድ መፈተሻ) ክፍተት (ሲቪኢ-2017-9841) ፍለጋ ነው፤ የ«ቬንደር» ማውጫ ከውጭ እንዳይታይ ካደረጉ ያበቃለታል።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች 404 እስከመለሱ ድረስ ጊዜ አያጥፉባቸው፣ ማንኛውም የአደባባይ አይፒ ያለው ሰርቨር ይጎበኛል። የሚያስቸግረው 200 ሲመለስ ነው። «/.ኢኤንቪ» ወይም «/.ጊት/ኮንፊግ» 200 ካለው የባይቱን ቁጥር ይመልከቱ። ከዋናው ገጽ መጠን ጋር እኩል ከሆነ ሰርቨሩ ለሁሉም ያንኑ ገጽ እየመለሰ ነው፤ ትንሽና የተለየ ቁጥር ከሆነ ግን ፋይሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ፋይሉን ይዝጉ፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን የዳታቤዝ ይለፍ ቃልና ቁልፍ ሁሉ ይቀይሩ። ፋይሉን መዝጋት ብቻ የወጣውን አይመልስም።

ቦት ሁሉ ጠላት አይደለም። በአማርኛ የሚነበብ ሳይት ብዙ አንባቢ የሚያገኘው ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ያኔ ከሰው ቀድሞ የሚደርሰው «ቴሌግራምቦት» ሲሆን ርዕሱንና ምስሉን ይወስዳል። የፌስቡኩ «ፌስቡክኤክስተርናልሂት» እና «ዋትስአፕ» የሚሉትም ለዚሁ ነው የሚመጡት። እነዚህን በጅምላ የዘጋ ሰው ሊንኩ ምስል አልባ ሆኖ ይቀርበታል። ከአፕ ውስጥ በአንድሮይድ ዌብቪው የሚያነብ ሰው ዩዘር ኤጀንቱ ውስጥ «ደብሊውቪ» የሚል ምልክት አለ። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ገጹን የሚያመጣው በኦፔራ ሰርቨሮች በኩል ስለሆነ በሎጉ ላይ የሚታየው አይፒ የስልኩ አይደለም፤ አገር ቤት ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሁሉ ከባህር ማዶ የመጣ ይመስላል።

ይህ ነገር የኤኤስኤን (የኔትወርኮች መለያ ቁጥር) ፓኔሉን ሲያነቡ ያስፈልጋል። ከማክስማይንድ የሚገኘውን ጂኦላይት2 የተባለ ነጻ ዳታቤዝ ከሰጡት (ከ2019 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ለማውረድ አካውንት መክፈት ግድ ነው) ጎአክሰስ እያንዳንዱ አይፒ የየትኛው ኔትወርክ እንደሆነ ያሳያል። አንድሮይድ ክሮም ነኝ የሚል ጥያቄ ከኢትዮ ቴሌኮም ኤኤስ24757 ሲመጣ የሚጠበቅ ነው። ያው ክሮም ከክላውድ ዳታ ሴንተር ሲመጣ ይጠርጠሩ፣ ግን ወዲያው አይፍረዱ፤ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው፣ ኦፔራ ሚኒ፣ የአፕል ፕራይቬት ሪሌይ ሁሉም ከዳታ ሴንተር ነው የሚወጡት።

ጎግልቦት (የጎግል ፍለጋ ገጽ ሰብሳቢ) ነኝ ባይን ማጣራት ቀላል ነው፣ ጎአክሰስ ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። አይፒውን ወደ ስም ይለውጣል፤ ስሙን መልሶ ወደ አይፒ አያመሳክርም። ያለ ሁለተኛው ደረጃ የመጀመሪያው ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የአይፒው ባለቤት የፈለገውን ስም መስጠት ይችላል። በእጅ «ሆስት» በሚለው ትዕዛዝ አይፒውን ይጠይቁ፤ ስሙ በ«ጎግልቦት.ኮም»፣ በ«ጎግል.ኮም» ወይም በ«ጎግልዩዘርኮንተንት.ኮም» ማለቅ አለበት፤ ያንን ስም መልሰው ሲጠይቁ ያው አይፒ መምጣት አለበት። ለቢንግቦት ማለቂያው «ሰርች.ኤምኤስኤን.ኮም» ነው። «ጎግል-ኤክስቴንድድ» የሚል ዩዘር ኤጀንት ሎግዎ ላይ ካዩ ያለ ምንም ማጣራት ሐሰተኛ ነው፤ ያ ስም ሮቦትስ ፋይል ውስጥ ለመፍቀድና ለመከልከል ብቻ የሚያገለግል እንጂ የሚንቀሳቀስ ቦት የለውም።

የጎአክሰስ ትልቁ ድክመት ፓኔሎቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። 404 ፓኔል ላይ ያገኙትን አድራሻ ተጭነው ማን እንደጠየቀው ማየት አይችሉም። ዘዴው ማጣሪያውን ማስቀደም ነው፦ አድራሻውን በ«ግሬፕ» ከሎጉ ለይተው ውጤቱን በፓይፕ ለጎአክሰስ ይስጡት። ያኔ ሪፖርቱ በሙሉ ስለዚያ አንድ ጥያቄ ይሆናል፤ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ስም እንደመጣ በአንድ ገጽ ይታያል። ሁለተኛው ድክመት ከዚህ የረቀቀ ነው። እያንዳንዱ ፓኔል በመነሻው እስከ 366 ረድፍ ብቻ ይይዛል፣ በቀጥታ የሚታደሰው ኤችቲኤምኤል ደግሞ 50 ብቻ። ዝርዝሩ በብዛት ስለሚደረደር አንድ ጊዜ ብቻ የመጣው ብርቅ ጥያቄ፣ ማለትም እኛ የምንፈልገው፣ ከታች ይቆረጣል። ለዚህ ከጎአክሰስ ይልቅ ተራው ተርሚናል ይበልጣል፦ በ«ኦክ» ሰባተኛውን ዓምድ ማውጣት፣ መደርደር፣ በ«ዩኒክ -ሲ» መቁጠር፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መልሶ መደርደር። አንድና ሁለት ጊዜ የመጡት ከላይ ይሆናሉ።

ሌላው ጉድለት የጎአክሰስ ሳይሆን የሎጉ ነው። ኮምባይንድ ፎርማት ብሮውዘሩ የላካቸውን ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚሄዱ መግለጫዎች) አብዛኞቹን አይጽፍም። ኤንጂንኤክስ ለአንድ ሳይት ሁለት «አክሰስ_ሎግ» መስመር ስለሚፈቅድ የመጀመሪያውን ለጎአክሰስ ሳይነኩ ይተዉትና ሁለተኛ ሎግ ከፍተው «ሴክ-ፌች-ሞድ»፣ «ሴክ-ፌች-ዴስት» እና «ሴክ-ፐርፐዝ» የሚሉትን ሄደሮች ያስጽፉ። ክሮም ከ80፣ ፋየርፎክስ ከ90፣ ሳፋሪ ከ16.4 ጀምሮ በኤችቲቲፒኤስ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይልካሉ። ስለዚህ «ክሮም 120 ነኝ» ብሎ ገጽ የጠየቀ ሁሉ «ናቪጌት» እና «ዶክዩመንት» ሊል ይገባል። ቦታው ባዶ ከሆነ በእርግጥ ክሮም የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ሦስተኛው «ፕሪፌች» ካለ ገጹ አስቀድሞ ተጭኗል፤ ሰው ላያየው ይችላል። ይህ አንድ ሎግ ዩዘር ኤጀንት ላይ ከሚደረግ ግምት ሁሉ ይልቅ ያስተማምናል።

በክላውድፍሌር ወይም በሌላ ፕሮክሲ ጀርባ ያለ ሰርቨር ላይ ጎአክሰስ ከመነሳቱ በፊት አይፒው መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ጎብኚው ሁሉ የፕሮክሲው አይፒ ይሆናል። ኤንጂንኤክስ ላይ የሪል አይፒ ሞጁሉን «ሲኤፍ-ኮኔክቲንግ-አይፒ» ከሚለው ሄደር እንዲያነብ ያድርጉ፣ ግን የክላውድፍሌርን የአይፒ ክልሎች ብቻ እንዲያምን ወስነው። ካልወሰኑት ማንም ሰው የፈለገውን አይፒ መስሎ ይገባል። ሰዓቱንም ያስተውሉ፤ የክላውድ ሰርቨሮች አብዛኞቹ በዩቲሲ ስለሚሠሩ ሎጉ 18:00 ያለው አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። «ሌሊት የመጣ ጥቃት» ተብሎ የሚወራው ማለዳ ስልኩን የሚያይ ተራ አንባቢ ሊሆን ይችላል።

ከተፎካካሪዎቹ ጋር ስናስተያየው ኤደብሊውስታትስ በፐርል የተጻፈ የቆየ መሣሪያ ነው፤ ለወርሃዊ ቁጥር ይሆናል፣ እንግዳ ፍለጋ ላይ ግን ቀርፋፋ ነው። ማቶሞ በተለመደው አሠራሩ በጃቫስክሪፕት ስለሚቆጥር ጃቫስክሪፕት የማያስኬዱት ስካነሮች ጭራሽ አይታዩትም። የብዙ ሰርቨር ሎግ በአንድ ቦታ ሰብስቦ መፈለግ ለሚፈልግ ድርጅት ጎአክሰስ አይበቃውም። አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር ላለው ሰው ግን ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልገውም።

በቀጥታ የሚታደሰውን ሪፖርት ለሚያነሳ፦ ገጹ ተከፍቶ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፖርት 7890 ነው። ወይ ፋየርዎሉ ዘግቶታል፣ ወይ ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ተከፍቶ ዌብሶኬቱ ሰርተፍኬት አልተሰጠውም። ሰርተፍኬቱንና ቁልፉን በ«--ኤስኤስኤል-ሰርት» እና በ«--ኤስኤስኤል-ኪ» መስጠት ወይም በኤንጂንኤክስ በኩል ማሳለፍ ነው። የወጣውን ኤችቲኤምኤል ደግሞ በይለፍ ቃል ሳይዘጉ ከሳይቱ ማውጫ ውስጥ አያስቀምጡት፤ የጎብኚዎችዎ አይፒና የሰርቨርዎ ፋይል ስሞች ተዘርዝረው ያሉበት ነው። ለሌላ ሰው የሚያሳዩት ከሆነ «--አኖኒማይዝ-አይፒ» የአይፒቪ4ን የመጨረሻ ክፍል፣ የአይፒቪ6ን የመጨረሻ 80 ቢት ዜሮ ያደርጋል። እንዲህ በተደበቀ አይፒ ጎግልቦትን ማጣራት ስለማይቻል እርስዎ የሚመረምሩበትን ሪፖርት ያለዚህ አማራጭ ለብቻ ያውጡት።